ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የሚሞቅ የጭነት መኪና ኤሲ

ከደብረ ብርሃን ስነሳ ኤሲው ደህና ይሠራል። ጣርማበርን አልፌ፣ ደብረ ሲናን ወርጄ ሸዋ ሮቢት ስደርስ ሙቅ አየር ይነፋል። ከ2,800 ሜትር ወደ 1,300 ሜትር ገደማ መውረድ ነው። በፍጥነት ስነዳ ትንሽ ይሻለዋል፤ ስቆም ይብሳል። በዚያ ሙቀት ከባድ መኪና ለሚነዳ ሰው ደግሞ ድካሙ እንቅልፍ ይዞ ይመጣል።

መጀመሪያ ጋዝ ተጨመረ፤ ባሰበት። የፕሬዠር ስዊቹ (ግፊት ሲበዛ ኤሲውን የሚያቆመው ማብሪያ) ተቀየረ፤ ለውጥ የለም። የኮምፕሬሰሩ (ጋዙን የሚጨምቀው ፓምፕ) ክላች ተፈተሸ፤ ጤነኛ ነው።

ነገሩ የተገለጠው ማኒፎልድ ጌጅ (የጋዙን ግፊት የሚለካ መሣሪያ) አስረን፣ ሞተሩን አስነስተን፣ እዚያው ሙቀት ውስጥ ስንለካ ነው። ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ መለካት አያጋልጠውም። የከፍተኛው ግፊት ጌጅ ከ350 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) አለፈ። ትንሽ ቆይቶ ኮምፕሬሰሩ ቆመ። ከራዲያተሩ ፊት ሆኖ የጋዙን ሙቀት የሚያስወጣው ኮንዴንሰር ላይ ውሃ ስናፈስበት ግፊቱ ወዲያው ወረደ፣ ቅዝቃዜውም መጣ። ይህን ሙከራ ሁሉም ሰው ጋዝ ከመግዛቱ በፊት ቢያደርገው ደስ ይለኛል። የሚጎድለው ጋዝ ሳይሆን በኮንዴንሰሩ ውስጥ የሚያልፍ አየር ነው ማለት ነው።

ከፊት ሲታይ ኮንዴንሰሩ ንጹህ ነበር። ቡሎኖቹን ፈትተን ከራዲያተሩ ስናርቀው ግን በመሀል አቧራና የጤፍ ገለባ እንደ ጭቃ ግድግዳ ተጠቅጥቋል። ከኋላ ወደ ፊት፣ ቀስ ባለ ውሃ አጠብነው። ኃይለኛ የማጠቢያ ማሽን ስስ ክንፎቹን ያጣምማል። ከዚያ ጋዙ በሙሉ ወጣ፤ በቫኪዩም ፓምፕ ተሳበ፤ አር-134ኤ የተባለው የኤሲ ጋዝ በመኪናው ስቲከር ላይ በተጻፈው ግራም ልክ በሚዛን ተሞላ። ሠራ።

ገለባ ወይም እህል ከጫናችሁ ያን ክፍተት በባትሪ እያበራችሁ እዩት።