የላፕቶፕ ማጠፊያ እንዴት ይነደፋል?

ባለፈው በጋ አንዲት ተማሪ ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ላፕቶፗን በነጠላ ጠቅልላ ቱሉ ዲምቱ አጠገብ ወዳለችው የሥራ ቦታዬ መጣች። ክዳኑን ቀና ሳደርገው በግራ በኩል «ቀጭ» አለና የታችኛው አካል ጥግ አፉን ከፈተ። ፈትቼ ሳየው ብረቱ ማጠፊያ ደህና ነው። ብሎን እንድትይዝ ፕላስቲኩ ውስጥ የተቀበረችው ትንሿ የነሐስ ዳዶ ግን ከብሎኗ ጫፍ ሳትለይ፣ በዙሪያዋ የፕላስቲክ ስባሪ እንደያዘች፣ ከነድዱ እንደ ወጣ ጥርስ ተነቅላለች። ልጅቷ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስረክብ ሁለት ሳምንት ቀርቷት ነበር።

እጄ የገቡት የተሰበሩ ማጠፊያዎች አብዛኞቹ እንዲህ ነው የሆኑት። ብረቱ ይተርፋል፣ የታሰረበት ይነቀላል። ስለዚህ ከአሮጌ ስክሪንና ሁሉ ነገሩ በአንድ ትንሽ ሰሌዳ ላይ ከተሠራ ኮምፒውተር የራሳችሁን ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር ልትሠሩ ብታስቡም፣ የተሰበረውን ከፋብሪካው በተሻለ መንገድ ልትጠግኑ ብትፈልጉም፣ ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተል ሂዱበት።

በመጀመሪያ የላፕቶፕ ማጠፊያ ከቤት በር ማጠፊያ በምን እንደሚለይ እንወቅ። የበር ማጠፊያ በነፃነት ይዞራል። የላፕቶፑ ግን ሆን ተብሎ እንዲጠብቅ የተሠራ ነው፤ ክዳኑ በተተወበት ማዕዘን ላይ መቆም አለበት። ይህንንም የሚያደርገው በሰበቃ ነው። በዘንጉ ላይ ጎበጥ ያሉ ሮንዴላዎች ተደርድረው በዳዶ ይጨመቃሉ፣ እንደ ሞላ እየገፉ ዘንጉን ያከብዱታል። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣውና ቢል ሞግሪጅ የነደፈው ግሪድ ኮምፓስ የተባለ ላፕቶፕ ስክሪኑን ኪቦርዱ ላይ አጥፎ የመዝጋትን መላ ካሳየ ወዲህ፣ ላፕቶፖች እጅግ ቢቀጥኑም የማጠፊያው ፈተና ያው ነው።

1. ክዳኑን መዝኑ

ስክሪኑን ከነሽፋኑ በወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጡና ክብደቱን ጻፉ። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ በተኛ እርሳስ ላይ እያንሸራተታችሁ ሳያጋድል የሚቆምበትን ቦታ ፈልጉ። ከዚያ ቦታ እስከ ማጠፊያው ዘንግ ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለኩ። ክዳኑ 0.6 ኪሎ ግራም፣ ርቀቱም 11 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። 0.6 በ9.8 (የመሬት ስበት) በ0.11 (ርቀቱ በሜትር) ሲባዛ 0.65 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ኒውተን ሜትር የማዞር ጉልበት መለኪያ ነው። ይህ ክዳኑ ጠፍጣፋ ሲተኛ ወደ ታች የሚጎትትበት ጉልበት ነው፤ ቀጥ ብሎ ሲቆም ዜሮ ይሆናል፣ 120 ዲግሪ ላይ ግማሽ ይሆናል። ክዳኑ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው በድንገት ወድቆ እንዳይላተም ከፈለጋችሁ ሙሉውን 0.65 ያዙ።

2. የታችኛውን አካል መዝኑ

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ክዳኑን በአንድ ጣት ስታነሡ የታችኛው አካል አብሮ ከተነሣ ማጠፊያው ከልክ በላይ ጠብቋል ማለት ነው። በተመሳሳይ መንገድ ሚዛኑ የሚቆምበትን ቦታ ፈልጉና ከኋለኞቹ እግሮች ያለውን ርቀት ለኩ። አካሉ 1.2 ኪሎ ግራም፣ ርቀቱ 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ውጤቱ 1.18 ኒውተን ሜትር ነው። ይህ ስሌት የሚሠራው የማጠፊያው ዘንግ ከኋለኞቹ እግሮች ትይዩ በላያቸው ሲሆን ነው፤ ስትነድፉም እንዲያ አድርጉት።

3. በሁለቱ መካከል ምረጡ

የሁለቱ ማጠፊያዎች ድምር ከ0.65 በላይ፣ ከ1.18 በታች መሆን አለበት። እኔ ከታችኛው ገደብ ላይ 30 በመቶ እጨምራለሁ፤ 0.85 ገደማ ይሆናል፣ ለእያንዳንዱ ማጠፊያ 0.42 ያህል ማለት ነው። ማጠፊያው በአገልግሎት ብዛት ከጉልበቱ 20 በመቶ ቢያጣ እንኳ 0.68 ይቀረዋል፣ ክዳኑም አይወድቅም።

ማጠፊያውን ራሱን ከባዶ አትሥሩ። ቶርኖ ቤት ማስቀረጽ ይቻላል፣ ነገር ግን ተስማሚ ሮንዴላ ማግኘቱ አድካሚ ነው። ከጥገና ቤቶች ወይም ከምናለሽ ተራ ከሞተ ላፕቶፕ የወጣ ጥንድ ገዝታችሁ ዳዶውን አስተካክሉት። ሮንዴላዎቹን ከፈታችሁ አቀማመጣቸውን ልብ በሉ፦ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ሲደረደሩ ዳዶው ትንሽ ሲዞር እንኳ ጉልበቱ በብዙ ይዘላል፤ ፊት ለፊት እየተያዩ ሲደረደሩ ግን ለስለስ ብሎ ቀስ በቀስ ይስተካከላል።

4. የሚታሰርበትን ቦታ ንደፉ

ጊዜያችሁን አብዛኛውን እዚህ አውሉት። ማጠፊያው አካሉን የሚይዝበት የብረት ክንድ አለው። ክዳኑ ሲንቀሳቀስ ክንዱ እንደ ምሳር ይሆናል፤ አንዱ ጫፉ ፕላስቲኩን ይጫናል፣ ሌላው ብሎኑን ወደ ላይ ይነቅላል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 12 ሚሊ ሜትር ከሆነ 0.42 ኒውተን ሜትር ብሎኑን በ35 ኒውተን፣ ማለትም 3.6 ኪሎ በሚያህል ክብደት ይጎትተዋል። ርቀቱን ወደ 40 ሚሊ ሜትር ብታሳድጉት ይኸው ጉልበት ወደ 1.1 ኪሎ ይወርዳል። ማጠፊያው በአቧራ ጠብቆ ጉልበቱ ሦስት እጥፍ ቢሆን ደግሞ አጭሩ ክንድ ብሎኑን 11 ኪሎ ገደማ በሆነ ኃይል ይነቅለዋል። የተማሪዋን ላፕቶፕ የሰበረው ይኸው ነው፦ ክንዱ ጣት አይሞላም፣ ሁለቱ ብሎኖችም ተጠጋግተው ስስ ፕላስቲክ ላይ ተተክለዋል።

ስለዚህ ክንዱን አስረዝሙ፣ ብሎኖቹን አራርቁ። ሦስተኛ ብሎን ከጨመራችሁ ከዘንጉ ራቅ አድርጉት። ከዚያ በላይ የሚጠቅመው ግን ጭነቱን ማሰራጨት ነው። ለእሷ ያደረግሁት፦ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ 5 በ2 ሴንቲ ሜትር ቆረጥኩ፣ ጠርዙን በሞረድ አለሰለስኩ፣ ፕላስቲኩንም ላሜራውንም በብርጭቆ ወረቀት አሻክሬ ሁለት ዓይነት ተቀላቅሎ በሚሠራ ኤፖክሲ አጣበቅኳቸው። ከዚያም የነሐስ ዳዶዎቹን ትቼ አካሉን ከሥር በስቼ፣ ጠፍጣፋ ራስ ያላቸው ቀጫጭን ብሎኖች አሳልፌ ከላይ በዳዶ አሰርኩ። 24 ሰዓት ሳላንቀሳቅሰው አሳደርኩት። ከሥር ሁለት የብሎን ራሶች ይታያሉ፤ ውበቱ ትንሽ ቢቀንስም መያዣው አሁን ብረት ለብረት ነው። ቶሎ የሚደርቀውን ተራ ፈጣን ማጣበቂያ ለዚህ ሥራ አትጠቀሙ፤ ሲደርቅ ተሰባሪ ስለሚሆን በሚፈለቅቅ ጭነት ወዲያው ይለቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ላፕቶፑን ሁልጊዜ መሐሉን ይዞ አይከፍትም። ታክሲ ውስጥ ቦርሳ ታቅፎ የተቀመጠ ሰው ጥጉን ይዞ ነው የሚያነሣው፤ ያኔ አንዱ ማጠፊያ ብቻውን ይሠራል። ሁለቱም መያዣዎች እያንዳንዳቸው ሙሉውን 0.85 እንዲችሉ አድርጋችሁ ንደፉ።

5. ለሽቦው መንገድ ተዉለት

የስክሪኑና የዋይፋይ አንቴናው ሽቦዎች በማጠፊያው በኩል ያልፋሉ። ሽቦ አንድ ቦታ ላይ እየታጠፈ ሲዘረጋ ይበጠሳል፤ ረዘም ባለ ርቀት ላይ ሲጠመዘዝ ግን ብዙ ይኖራል። ስለዚህ ከዘንጉ ጎን፣ በዘንጉ ርዝመት አቅጣጫ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር አስኪዱትና ጫፎቹን ብቻ ያዙ። መሐሉ ላላ ብሎ ይቅር።

6. ገጥማችሁ ለኩ

የታችኛውን አካል በሁለት መጽሐፍ ተጫኑትና ክዳኑን ቀጥ አድርጋችሁ 90 ዲግሪ ላይ አቁሙት። እዚያ ላይ የክዳኑ ክብደት ልኬቱን አያዛባም። በመንጠቆ የሚንጠለጠል የእጅ ሚዛን ከላይኛው ጠርዝ ላይ አያይዛችሁ በአግድም ሳቡ፣ ክዳኑ እየተንቀሳቀሰ ሳለም ንባቡን ያዙ። ጠርዙ ከዘንጉ 22 ሴንቲ ሜትር ቢርቅና ሚዛኑ 400 ግራም ቢያሳይ 0.86 ኒውተን ሜትር ነው፤ የፈለግነው ማለት ነው። ከበዛ ሁለቱንም ዳዶ በሩብ ዙር አላሉና እንደገና ለኩ። ሲስማማችሁ ዳዶው እንዳይዞር የጥፍር ቀለም ጠብ አድርጉበት።

7. አቧራውንና ዕድሜውን አስቡ

እኛ ሰፈር በበጋ አሸዋና ጠጠር የጫኑ መኪኖች ሲያልፉ የዋልካው አፈር እንደ ዱቄት ይነሣል። ያ ዱቄት ከማጠፊያው ግራሶ ጋር ሲቀላቀል ጭቃ ይሆንና ዘንጉን ያከብዳል። በዘንጉ ዙሪያ ያለውን ክፍተት አጥብቡ፣ የቀረውን በስስ ስፖንጅ ዝጉ። ማጠፊያው ሲከብድ ዘይት አታንጠባጥቡበት፤ ዘይቱ ግራሶውን አጥቦ ያወጣና አዲስ አቧራ ይስባል። ፈትታችሁ አሮጌውን ጥረጉና በአዲስ ግራሶ በስሱ ቀቡት።

በቀን 10 ጊዜ የሚከፈት ላፕቶፕ በዓመት 3,650፣ በአምስት ዓመት 18,250 ጊዜ ይከፈታል። ያን ሁሉ በእጅ መሞከር አይቻልም፤ 500 ጊዜ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። በየ100ው ለኩና ጻፉ። ንባቡ መጀመሪያ ትንሽ ይወርዳል፣ ምክንያቱም ብረቶቹ እየተላመዱ ነው፤ ኋላ ላይ መርጋት አለበት። ካልረጋ ዳዶው እየተፈታ ነው። ከ500ው በኋላ የጀርባውን ሽፋን ክፈቱና በእጅ ባትሪ የኤፖክሲውን ጠርዝና የሽቦውን ልባስ ተመልከቱ፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካያችሁ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ።