ስኳር ያለበት ሾፌር ከመነሳቱ በፊትና መንገድ ላይ ምን ያድርግ?

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር ክኒን እየወሰዳችሁ መኪና የምትነዱ ከሆነ ይህ ለእናንተ ነው፤ ሁለቱም የደም ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርዱ ይችላሉ። ሜትፎርሚን የሚባለውን ክኒን ብቻ የሚወስድ ሰው ስኳሩ ከልክ በታች ብዙም አይወርድበትም።

1. ከመነሳታችሁ በፊት ስኳራችሁን ተለኩ። ከ70 (mg/dL) በታች ከሆነ መንዳት የለም። ከ90 በታች ከሆነ መጀመሪያ ምግብ ቅመሱ። በጾም ወቅት ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ ጠዋት ኢንሱሊን ተወግቶ ሳይበሉ መሪ መያዝ አደገኛ ነው። የምትጾሙ ከሆነ መጠኑን አስቀድማችሁ ከሐኪም ጋር ተነጋገሩበት።

2. ስኳር እጃችሁ በሚደርስበት ቦታ ያዙ። እኔ የምመርጠው ተራ ስኳርና ውሃ ነው። ቸኮሌት ቅባት ስላለው ይዘገያል። ስኳር የሌለው ለስላሳ ደግሞ ምንም አይጠቅምም። መለኪያውንና ስትሪፑን ፀሐይ ላይ አትተዉ፤ ይበላሻል።

3. ቶሎ ቁሙ። ትልቁ ጣጣ እዚህ ላይ ነው። አእምሮ የሚሠራው በስኳር ነው። ስኳር ሲወርድ ላብ፣ መንቀጥቀጥና ብዥታ ይመጣል፤ ግን "ልቁም" ብሎ የሚወስነውም ያው የደከመው አእምሮ ነው። መኪናው ወደ ዳር ሲያደላ ረዳቱ "ጋሼ፣ ደህና ነህ?" ይላል። ሾፌሩ ይቆጣል። "አዘዞ ደርሼ እቆማለሁ" ይላል። ቁጣው ራሱ ምልክት ነው! በሽታው የቆየበት ሰው ደግሞ ምንም ምልክት ላይሰማው ይችላል።

ስለዚህ ገና ሳትነሱ ከረዳቱ ጋር ተስማሙ፤ "ቁም" ካለ ያለ ክርክር ይቆማል። ረጅም መንገድ ላይ በየ2 ሰዓቱ ተለኩ። ከጎንደር ባሕር ዳር ስትሄዱ አዲስ ዘመን ላይ ቁሙ። ሊማሊሞን የምትወርዱ ከሆነ ደባርቅ ላይ ሳትለኩ አትለፉ፤ ቁልቁለቱ ላይ ዳር ይዞ መቆሚያ እንደ ልብ አይገኝም።

4. ሞተር አጥፉ፣ ከመሪው ተነሱ። ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ጠጡ። ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳም ይሆናል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ተለኩ። ካልወጣ ድገሙት። ሲስተካከል ዳቦ ነገር ብሉ።

ከዚያ 45 ደቂቃ ጠብቁ። ብዙ ሰው ቁጥሩን አይቶ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ ቀድሞ ይስተካከላል፣ አእምሮ ግን ወደ ልቡ የሚመለሰው ዘግይቶ ነው። ተሳፋሪ "እንሂድ እንጂ!" ቢል እውነቱን ንገሩት፤ ሌላ ሾፌር ካለ መሪውን ስጡት።

ለረዳቱ አንድ ነገር አስጠኑት፦ ራሳችሁን ከሳታችሁ በአፋችሁ ምንም እንዳያፈስ፣ በጎን አስተኝቶ ቶሎ ሆስፒታል ያድርሳችሁ።