የሰፈርን የጎርፍ ተጋላጭነት እንዴት እናጥና?

የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። ለሐምሌ 30 ቀን 1998 አጥቢያ ግን ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ያ ውሃ በአብዛኛው የመጣው ከላይ ከደጋው ነው። እንዲህ ያለ ሰፈር ለመመረቂያ ጽሑፍ ማጥናት የምታስቡ ካላችሁ፣ እኔ በዚህ ቅደም ተከተል ብትሄዱ እላለሁ።

1. ጥያቄውን አጥብቡ። «የጎርፍ አደጋ በድሬዳዋ» ርዕስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። «ከወንዙ ዳር ቀድመው የወጡት እነማን ናቸው? ለምን?» ይሻላል። ጎርፍ የተፈጥሮ ነው። የጭቃ ቤት፣ አልጋ ላይ ያለ ሕመምተኛ፣ መሄጃ የሌለው ተከራይ ሲያገኝ ነው አደጋ የሚሆነው። ተጋላጭነት የሚባለው ይኼ ነው።

2. ሜትር ይዛችሁ በእግር ዙሩ። ግድግዳ ላይ የቀረውን የውሃ ምልክት ለኩ፤ ቦታውን በስልካችሁ መዝግቡ። ምልክቱ ቀለም ተቀብቶበት ከሆነ ነዋሪው በእጁ ያሳያችሁ። ሦስት ጎረቤት አንድ ቦታ ካሳየ ያዙት።

3. ጠይቁ። «ጎርፍ ትፈራላችሁ?» ብትሉ ማን አልፈራም ይላል? «ያን ሌሊት ማን ቀሰቀሳችሁ? በየት ወጣችሁ? መጀመሪያ ምን አነሳችሁ?» በሉ። ቀን ሥራ የሚውሉትን ለማግኘት ማታ ወይም እሑድ ተመለሱ። እርዳታ ይዛችሁ እንዳልመጣችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። ደብተር የያዘ ሰው ሲመጣ «ሊመዘግቡን ነው» የሚል ብዙ ነው፤ ያኔ መልሱም ይጣመማል። ቤተሰብ ያጣ ሰው ማውራት ካልፈለገ ተዉት።

4. ቀኑን አስታርቁ። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ነዋሪው 1998 ይላል፣ የሚቲዎሮሎጂ ሰነዱ 2006። የነዋሪው ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ በሰነዱ 2 ሰዓት ሊሆን ይችላል። የዕለት ዝናብ የሚነበበው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ ማታ የጣለው በማግስቱ ቀን ተጽፎ ታገኙታላችሁ። በከተማው ጣቢያ ብቻ አትወሰኑ፤ ከላይ ከደጋው፣ በደንገጎ በኩል ያለውንም ጠይቁ።

5. ውጤቱን መልሱ። ካርታውን በትልቅ ወረቀት አሳትማችሁ ለዕድሩ አሳዩ። ዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ካለው፣ ለጎርፍም እንዲነፋ ተነጋገሩ። ከዚያ አንድ ምሽት አስነፉትና ድምፁ ከየትኛው ቤት በኋላ እንደሚጠፋ ካርታው ላይ ምልክት አድርጉ።