ጣናን ስናክም ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ ከታወቀበት ከ2003/04 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ ከደምቢያ እስከ ፎገራ፣ ብዙ ጉልበትና ገንዘብ ፈሷል። አረሙ ግን ይመለሳል። እንደኔ ግምት ጥፋቱ የትጋት ማነስ ሳይሆን ሥራው የሚሠራበት ጊዜና ቦታ ነው።

ነቅሎ ዳር ላይ መከመር። ከሁሉ የከፋው ይኼ ነው። ዘመቻው የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ ከጥቅምት ወዲያ፣ ውኃው ወደኋላ ማለት ሲጀምር ነው። የተነቀለው አረም ባሕር ሸሽ መሬት ላይ ይከመርና ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ጣና ሞልቶ ከፍተኛው ልክ ላይ የሚደርሰው መስከረም ገደማ ስለሆነ በዓመቱ ያልደረቀውን ሥርም ዘሩንም ጠርጎ ይወስደዋል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። እንግዲህ ክምሩ ካለፈው ዓመት የሙላት ምልክት በላይ ወጥቶ ይድረቅ፤ ነቀላውም ሐምራዊው አበባ ዘር ሳይቋጥር ይደረግ። ማሽን የሚያጭደው ከሆነ ቁርጥራጩን በታንኳ እየተከተለ የሚለቅም ሰው ያስፈልጋል። የተረፈው ጥቂት ተክል ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናልና፣ ከአንድ ወር ዘመቻ ይልቅ ዓመቱን ሙሉ እየዞረ የሚለቅም ትንሽ ቡድን ይበልጣል። እምቦጭን የሚበላውን ጥንዚዛ ለቅቆ በወራት ውስጥ ለውጥ መጠበቅም ያው ችኮላ ነው፤ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ እንኳ ዓመታት ፈጅቷል።

ደንገሉንና ፊላውን አብሮ ማጽዳት። ዳርቻው «ንጹሕ» ሲመስል ደስ ይላል፤ ነገር ግን ከማሳ የሚታጠበውን ደለልና ማዳበሪያ የሚያጣራው ይኸው ሣር ነበር። እምቦጭ የሚፋፋው ደግሞ በዚያ ማዳበሪያ ነው። ፎገራ ላይ ሸሸርና ወላላ የተባሉት ረግረጎች በሩዝና በአትክልት እርሻ፣ በውኃ መሳቢያ ሞተር ጭምር እየተበሉ ሲሄዱ፣ ወደ ሐይቁ የሚወርደው የወንዝ ጎርፍ የሚያርፍበትን ቦታ አጣ።

ሐይቁን እያዩ ወንዙን መርሳት። ይኼን ብዙ ሰው አያነሣውም። ላቤዎባርበስ ከተባለው የዓሣ ወገን ከ15 በላይ ዝርያዎች ጣና ላይ አሉ፤ አብዛኞቹ ከዚያ ሌላ የትም አይገኙም። ከእነሱ ገሚሱ ያህል ዕንቁላሉን የሚጥለው ሐይቁ ውስጥ ሳይሆን በክረምት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ወጥቶ፣ ጠጠር ባለበት ንጹሕ ወራጅ ውኃ ነው። ታዲያ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የወንዙ አፍ በመረብ ከተዘጋ፣ ላይኛው ክፍል ዓሣ በሚያደነዝዘው የብርብራ ዛፍ ፍሬ ከተመረዘ፣ አሸዋና ጠጠሩ ለግንባታ በመኪና ከተጫነ፣ የሐይቁ ገጽ ቢጸዳ ለዚህ ዓሣ ምን ይፈይድለታል? የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ቆይቷል። የጎደለው በእነዚያ አራት ወራት ወንዙ አፍ ላይ የሚቆም ጠባቂና፣ ለዓሣ አጥማጁ እስከዚያው የሚበላው ነገር ነው። ሁለተኛው ሳይኖር የመጀመሪያውን ማስከበር አይቻልም።

ምንጭ ላይ ባሕር ዛፍ መትከል። ውኃ ይመጥጣል፤ ዶቅማና ሾላ ይሻላሉ።

የዓሣ ምርት ለመጨመር ብሎ የውጭ ዝርያ መልቀቅ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቪክቶሪያ ሐይቅ የገባው ናይል ፐርች ምን ያህል አገር በቀል ዓሣ እንዳጠፋ የታወቀ ነው። የተለቀቀ ዓሣ ደግሞ አይሰበሰብም።

የውኃውን ልክ ሳይጠይቁ ዳርቻ ላይ መትከል። ዐባይ ከጣና የሚወጣበት ጨረጨራ ላይ የውኃ መቆጣጠሪያ በር ከተሠራ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ በዝናብ ብቻ አይወሰንም። በ1995 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ውኃው እጅግ ወርዶ ጀልባዎች መመላለስ አቁመው ነበር፤ የተገለጠው መሬት ታረሰ፣ ደንገሉም ደረቀ። ደንገል ሊተክል የተነሣ ማኅበር ለዓመቱ ምን ያህል ውኃ እንደሚለቀቅ ቀድሞ ይጠይቅ፤ መልሱን ሲያገኝ የችግኙን መስመር በዚያ ይለካ።