ከማሻሻያ በኋላ አልነሳ ያለ ቬክተር ዳታቤዝ፦ ችግርና መፍትሄ

ምልክት፦ ኳድራንት የተባለው ቬክተር ዳታቤዝ (ጽሑፍን በቁጥሮች ዝርዝር ይዞ በትርጉም ቅርበት የሚፈልግ) በዶከር ኮንቴይነር ውስጥ ይነሳል፣ ይወድቃል፣ መልሶ ይነሳል። ሎጉ ኮሌክሽኑን (የቬክተሮቹን ስብስብ) መጫን አቃተኝ ይላል።

መንስኤ፦ አብዛኛው ሰው መብራት ላይ ያላክካል። መብራት ሄዶ መምጣቱ ግን ስሪት አይቀይርም፤ የቆመ ኮንቴይነር ሲነሳ ያንኑ የድሮ ኢሜጅ (ኮንቴይነሩ የሚሠራበትን የፕሮግራም ጥቅል) ነው የሚጠቀመው። የሚቀይረው ሰው ነው። መብራት ሲመለስ ኮንቴይነሩ በራሱ እንዲነሳ አልተዋቀረምና (መልሶ የሚነሳው በስህተት ሲወድቅ ብቻ ነው) ቆሞ ይቀራል። ዲስክ ሞላ ብሎ አንዱ «ዶከር ሲስተም ፕሩን» የሚባለውን የማጽጃ ትእዛዝ ከነ«-a» ምርጫው ያዛል። ትእዛዙ የቆሙትን ኮንቴይነሮች፣ ከዚያም ባለቤት ያጡትን ኢሜጆች ጠራርጎ ያጠፋል። ቀጥሎ ኮንቴይነሩን ለማስነሳት «ኮምፖዝ አፕ» ሲባል የኮምፖዝ ፋይሉ ላይ በስሪት ቁጥር ቦታ «ሌተስት» (የቅርቡ) ተጽፏልና አዲሱ ስሪት ይወርዳል፤ ፎልደሩ ውስጥ ያለው ዳታ ግን በአሮጌው ስሪት የተጻፈ ነው። ሥራ ላይ ባለ ሰርቨር «ሌተስት» ብሎ መጻፍ ስንፍና ነው፤ ሙሉ የስሪት ቁጥር ይጻፍ።

ኳድራንት የዳታ ተስማሚነትን የሚያረጋግጠው በተከታታይ ንዑስ ስሪቶች (የስሪቱ ሁለተኛ ቁጥር) መካከል ብቻ ነው። ከ1.9 ወደ 1.12 የሚሄድ በ1.10 እና በ1.11 ማለፍ አለበት፤ በየደረጃውም የዚያን ንዑስ ስሪት የመጨረሻ ጥገና (ከፍተኛውን ሦስተኛ ቁጥር) ይዞ።

መፍትሄ፦ መጀመሪያ ኮንቴይነሩን አቁሙ። የስቶሬጅ ፎልደሩን በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ ቅዱ። ሳይቆም የተቀዳ ፎልደር እንደ ባክአፕ አይቆጠርም! የሙከራው ሥራ ሁሉ በቅጂው ላይ ይሁን፤ ዋናው አይነካ። አዲሱ ስሪት ዳታውን ነካክቶት ከሆነ ቅጂውም በአሮጌው ላይከፈት ይችላል፤ ያኔ ከለውጡ በፊት ወደተያዘ ባክአፕ መመለስ ነው።

የድሮውን ስሪት ከቀድሞ ሎግ ፈልጉ፤ ኳድራንት ሲነሳ ቁጥሩን ይጽፋል። ሎጉ ከጠፋ ፕሮግራማችሁ ከኳድራንት ጋር የሚገናኝበት የፓይተን ላይብረሪ ስሪት ይጠቁማል፣ ማረጋገጫ ግን አይደለም። የድሮውን ኢሜጅ አንሱ፣ በ6333 ፖርት ግቡና ስሪቱን አረጋግጡ፣ በየኮሌክሽኑ ስንት ነጥብ (የተከማቸ ቬክተር) እንዳለ መዝግቡ። ከዚያ በአንድ ንዑስ ስሪት ከፍ በሉ። ኮሌክሽኑ አረንጓዴ እስኪሆን ጠብቁ፤ ቢጫ ከሆነ ገና እያደራጀ ነው፣ ቀይ ከሆነ ወደፊት እንዳትሄዱ። የነጥቦቹን ቁጥር አመሳክሩ፣ አቁሙ፣ ቅዱ፣ ወደ ቀጣዩ ስሪት ከፍ በሉ።

ኢንተርኔቱ ደካማ በሆነበት፣ መሐል ሜዳም ሆነ ዓለም ከተማ፣ የመሸጋገሪያ ኢሜጆቹን በሙሉ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ላይ አውርዳችሁ በ«ዶከር ሴቭ» በሃርድ ዲስክ ያዙ፣ ሰርቨሩ ላይ በ«ዶከር ሎድ» ጫኑ። መሀል ላይ አንድ ቢጎድል ሥራው እዚያው ይቆማል።

ስናፕሾት (ኳድራንት ራሱ የሚያወጣው የዳታ ቅጂ) አለኝ ብሎ የሚተማመንም ይጠንቀቅ። በ1.4.1 የተወሰደ ስናፕሾት የሚመለሰው በ1.4 ውስጥ ባለ፣ እኩል ወይም ከፍ ባለ ስሪት ላይ ብቻ ነው። ከስናፕሾቱ ጋር ኢሜጁንም አስቀምጡ።

ኳድራንት ተነስቶ ባዶ ከሆነ፦ ስቶሬጁ ከውጭ ፎልደር ጋር አልተያያዘም ነበር፤ ዳታው ከኮንቴይነሩ ጋር ጠፍቷል። ዋናው ጽሑፍ ካለ መጀመሪያ ወደ ቬክተር በቀየረው በዚያው ሞዴል እንደገና ቬክተር ይሠራል፤ ከሌለ መመለሻ የለም።

ፒጂቬክተር (ፖስትግሬስ ለተባለው ዳታቤዝ የቬክተር ፍለጋ የሚጨምር ኤክስቴንሽን) «ኤችኤንኤስደብልዩ የሚባል ዘዴ (የቬክተር ኢንዴክስ ዓይነት) የለም» ካለ፦ ፓኬጁ ታድሷል፣ ዳታቤዙ ውስጥ ያለው ኤክስቴንሽን ግን ከ0.5.0 በታች ነው። በእያንዳንዱ ዳታቤዝ ውስጥ «ኦልተር ኤክስቴንሽን ቬክተር አፕዴት» መሰጠት አለበት። በአንዱ ሰጥቶ ሌሎቹን መርሳት የተለመደ ነው። የፖስትግሬስ ዋና ስሪት ድጋፍ 5 ዓመት ነው፤ የ12ኛው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 አብቅቷል፣ ፒጂቬክተርም ከ0.8.0 ጀምሮ ትቶታል። 12ኛው ላይ ያላችሁ መጀመሪያ ፖስትግሬስን አሻሽሉ፤ ለአዲሱ ስሪት የተሠራው የፒጂቬክተር ፓኬጅ ቀድሞ ካልተጫነ የፖስትግሬስ ማሻሻያ መሣሪያው «ፒጂ አፕግሬድ» ላይብረሪው የለም ብሎ ይቆማል።

ሌላው ቬክተር ዳታቤዝ ክሮማ፣ በውስጡ የሚጠቀምበት ኤስኪውላይት (ትንሽ ዳታቤዝ) አረጀ ካለ፣ የኤስኪውላይት 3.35 ወይም ከዚያ በላይ ስሪት ይፈልጋል።

ሌላው ቬክተር ዳታቤዝ ሚልቨስ በአሮጌ ሰርቨር ላይ «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን» ብሎ ከሞተ ፕሮሰሰሩ ሚልቨስ የሚፈልጋቸው የፕሮሰሰር ትእዛዞች (ኤስኤስኢ4.2፣ ኤቪኤክስ፣ ኤቪኤክስ2 ወይም ኤቪኤክስ-512) እንዳሉት እዩ፤ ከሌሉት ማሽን መቀየር ነው።