የጊታራችሁ ድምፅ ሲታፈን አምፑን አትውቀሱ፦ ቮሊዩምና ቶን ሽቦ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

አንድ ልጅ አምፕ (የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ማጉያ) ተሸክሞ መጣ። ጊታሩን ቤት ትቶታል። "ድምፁ ይታፈናል፣ ስፒከሩ ሳይሞት አይቀርም" አለኝ። የራሴን ጊታር ሰካሁበት፤ አምፑ ምንም አልሆነም። ሂድና ጊታርህን አምጣ አልኩት። ሲያመጣው ቮሊዩሙ 10 ላይ ጥርት ያለ ነው። ወደ 6 ሲወርድ ግን አፉን በጋቢ ሸፍኖ እንደሚያወራ ሰው ይሆናል። ይሄን ነገር ስንት ጊዜ እንዳየሁት ልነግራችሁ አልችልም፤ ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፈው።

ዘፋኝ የሚያጅብ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ዘፋኙ ሲገባ ጊታሪስቱ ቮሊዩሙን ዝቅ ያደርጋል። ጊታሩ ወዲያው ይደበዝዛል፣ የትዝታው ማጌጫ ሁሉ ይጠፋል። እሱም አምፑ ላይ ትሬብሉን (ቀጭኑን ድምፅ) ይጨምራል። ሶሎው ሲደርስ ቮሊዩሙን ወደ 10 ይመልሰዋል፣ ያኔ ጆሮ ይበሳል። ከዚያ "አምፑ ይቀየር" ይባላል። ኧረ በፈጠራችሁ፣ አምፑን ተዉት! ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት የጊታሩን ሆድ ክፈቱት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቮሊዩሙን ስትቀንሱ የፖቱ (ከመዞሪያው ሥር ያለው ባለ ሦስት እግር ዕቃ) ሬዚስታንስ በፒክአፑና (የክሩን ድምፅ የሚለቅመው ማግኔት) በኬብሉ መሀል ይገባል። ኬብል ደግሞ ራሱ ትንሽ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ነው፣ በአንድ ሜትር 100 ፒኮፋራድ ገደማ። ሁለቱ ሲገናኙ ትሬብሉን ይበሉታል፤ ኬብሉ በረዘመ ቁጥር ይብሳል። ብዙ ጊታሮች ላይ የቶኑ ካፓሲተር የሚነሳው ፒክአፑ ከሚገባበት የቮሊዩም እግር ነው። ይህን ግንኙነት ወደ መሀለኛው እግር አዙሩት፣ ማለትም ድምፁ ወደሚወጣበት። የ1950ዎቹ የጊብሰን ጊታሮች እንደዚህ ነበር የሚያያዙት። አንድ ሽቦ ነቅሎ መልሶ መበየድ ብቻ ነው፣ ወጪ የለውም። ቮሊዩሙ ሲወርድ ትሬብሉ አብሮ አይሞትም። ቶኑን ስታዞሩ ቮሊዩሙም ትንሽ ሊነካ ይችላል፤ ሁለት ቀን ከተጫወታችሁበት ግን እጃችሁ ይለምደዋል።

ሌላው መንገድ በቮሊዩሙ መግቢያና መውጫ እግሮች መሀል 1 ናኖፋራድ ካፓሲተር ማስገባት ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ካፓሲተሩን ብቻውን ያደርጉትና ቮሊዩሙ ሲወርድ ባሱ ጠፍቶ ድምፁ እንደ ትንኝ ይሆናል። ከጎኑ 150 ኪሎኦም ሬዚስተር ጨምሩ። ሁለቱን ዘዴ አንድ ላይ አታድርጉ፣ አንዱ ይበቃል።

ከገበያ "500 ስጠኝ" ብሎ ፖት መግዛት ሌላው ጣጣ ነው። መርካቶ ሄዳችሁ እንዲህ ካላችሁ ለሬዲዮም ለምንም የሚሆን ፖት ይሰጧችኋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ቢ500ኬ የተጻፈበት። ቢ ማለት ሊኒየር ነው፣ በዞረው ልክ እኩል የሚጨምር። ጆሯችን ግን እንደዚያ አይሰማም። ከ10 ወደ 5 ስታወርዱት ብዙም የተለወጠ አይመስልም፣ መጨረሻዋ ላይ ሁሉም በአንዴ ይጠፋል። ለቮሊዩም ኤ የሚል ፈልጉ። ጽሑፉን ካላመናችሁ መዞሪያውን መሀል ላይ አድርጉና ከመሀለኛው እግር ወደ ግራውንዱ (ከፖቱ ጀርባ ጋር ወደሚያያዘው) እግር በቴስተር ለኩ። 250 ኪሎኦም አካባቢ ካሳየ ሊኒየር ነው። ከ50 እስከ 75 አካባቢ ከሆነ የምትፈልጉት እሱ ነው። ጠቅላላውንም ለኩ፣ 500 የተባለው 400 ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው።

ቁጥሩም ዝም ብሎ አይመረጥም። ለሃምባከር (ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ) 500 ኪሎኦም፣ ለሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል) 250። ሃምባከር ላይ 250 ስታስገቡ ድምፁ ይጨልማል፣ ሲንግል ኮይል ላይ 500 ስታስገቡ ደግሞ ይሾላል። ሆን ብሎ ገልበጥ የሚያደርግ አለ፣ ጆሮው ከፈለገው ጥሩ ነው። ባትሪ ያለው አክቲቭ ፒክአፕ ግን 25 ኪሎኦም ይፈልጋል። ያንን 25 አውጥቶ ተራ ፒክአፕ ላይ የሚያስገባ ሰው ከጊታሩ ጥርት ያለ ድምፅ ይወጣል ብሎ አይጠብቅ።

የካፓሲተር ቁጥር ማንበብ ላይ እኔም ወድቄያለሁ። 223 ማለት 22 ናኖፋራድ ነው፣ 224 ማለት 220። አሥር እጥፍ! መብራት በጠፋበት ማታ በስልክ ብርሃን ስሠራ 224ቱን አስገባሁ። ደንበኛው በማግስቱ ተመልሶ "ቶኑን ትንሽ ስነካው ጊታሩ ቤዝ ይሆናል" አለኝ። ልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳልለካ አልበይድም። ለሃምባከር 223፣ ለሲንግል ኮይል 473 ብትሉ አትሳሳቱም። ውድ ካፓሲተር መግዛት አያስፈልግም፤ 400 ቮልት የሚችል ስለተባለ ድምፅ አይጨምርም፣ ጊታር ውስጥ ያለው ቮልት ከምንም አይቆጠርም።

ሁለት ቮሊዩም ያለው ጊታር የፒክአፕ መምረጫው መሀል ላይ ሲሆን አንዱን ዜሮ ብታደርጉት ሁለቱም ይጠፋሉ። ይሄ ብልሽት አይደለም፣ አሠራሩ ነው። ሽቦውን ገልብጣችሁ ፒክአፑን መሀለኛው እግር ላይ ብታደርጉት አንዱ ሌላውን መዝጋቱን ይተዋል። ግን ያ መጀመሪያ የሸሻችሁት መታፈን ብሶ ይመጣል። ብዙ ስትራቶካስተር ጊታሮች ላይም የብሪጁ (ክሩ ከታች የሚያርፍበት) ፒክአፕ ከጥንት ጀምሮ ቶን የለውም። ቶኑ አይሠራም ብላችሁ አትክፈቱት።

ብየዳ ላይ አጭር ልበል። የቧንቧ ሠራተኛ አሲድ እንዳትነኩ። የፖቱን ጀርባ ፋቅ ፋቅ አድርጉት፣ መበየጃው በደንብ ይጋል፣ ሦስት አራት ሰከንድ ይበቃል። ደካማ መበየጃ ይዛችሁ ደቂቃ ሙሉ ስትጫኑት ፖቱ ውስጡ ይቃጠላል። ሊዱ (ቀልጦ የሚያጣብቀው ብረት) ሲደርቅ ደብዝዞ እንደ እንክብል ከተንጠለጠለ አልያዘም። አንድ እንዲህ ያለ የግራውንድ ብየዳዬ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ሲገቡ ለቆ፣ ጊታሪስቱ ያን ሁሉ ሕዝብ ፊት ዝም ብሎ ቆሟል። እስካሁን ይከነክነኛል።

አሁን የምለውን በደንብ ስሙኝ። ከብሪጁ ሥር የሚመጣ አንድ ሽቦ አለ፣ ክሮቹን ከግራውንድ ጋር የሚያገናኝ። ክሩን ስትነኩ ጩኸቱ የሚቀንሰው በሱ ነው፣ ያ ጤናማ ነው። ስትነኩት የሚብስ ከሆነ የጃኩ (የኬብሉ መሰኪያ) ሽቦዎች ተገላብጠዋል ወይም ይሄ ሽቦ ተበጥሷል። ብዙ ቤትና አዳራሽ ውስጥ ሶኬቱ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ) የለውም። አምፑ ብልሽት ካለበት ክሩን ይዛችሁ ማይክ ስትነኩ 220 ቮልት በእናንተ በኩል ሊያልፍ ይችላል። ማይኩ ከንፈራችሁን ቆንጠጥ ካደረጋችሁ መጫወት አቁሙና ኤሌክትሪሻን ጥሩ። ጩኸት ለመቀነስ ብሎ የአምፑን ኧርዝ የሚቆርጥ ሰው ካገኛችሁ እጁን ያዙት።

አምፕ ስታስተካክሉም የጊታሩን መዞሪያዎች ሁሉ 10 ላይ አድርጋችሁ ክሊን ድምፅ አትፈልጉ። ቮሊዩሙን 6 ወይም 7 ላይ አድርጉና አምፑን በዚያ ላይ አስተካክሉ። ቲዩብ አምፕ (በመስታወት ቱቦ የሚሠራ) ከሆነ ደግሞ 10 ላይ ሲሆን ራሱ ይሻክራል፣ 5 ላይ ይጠራል፤ ለሶሎም ለማጀቢያም ፔዳል ሳትረግጡ በአንድ ጣት ትሄዳላችሁ። ያ ልጅም የወጣው እንዲህ ሆኖ ነው።

ክዳኑን ከመዝጋታችሁና ክሩን ከመመለሳችሁ በፊት ኬብሉን ሰክታችሁ እያንዳንዱን ፒክአፕ በስክሪውድራይቨር ጫፍ ቀስ ብላችሁ ንኩት፣ መዞሪያዎቹን ሁሉ ከጥግ ጥግ አዙሩ። ከዚያ ክዳኑን ሳትዘጉ ክሩን መልሳችሁ ስትጫወቱ ሁለቱ ፒክአፖች አንድ ላይ ሲሆኑ ድምፁ ከቀጠነ የአንዱን ሽቦ ገልብጣችኋል፤ ክዳኑ ገና ክፍት ነው፣ አሁኑኑ ፍቱት።