መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ሰውነታችሁን አዳምጡት
በአርባዎቹና በሃምሳዎቹ ዕድሜ ላይ ላላችሁ፣ በተለይ እዚህ ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም ቤተሰብ ይዛችሁ ለምትኖሩ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የዕድር ስብሰባ ላይ ለመናገር ስትነሱ ልባችሁ ድው ድው ካለ፣ ወይም የቤት ወጪ ጉዳይ ሲነሳ መንጋጋችሁ ግጥም ካለ፣ ፈሪ ወይም ክፉ ሆናችሁ አይደለም። ሰውነታችሁ አደጋ የመጣ መስሎት አድሬናሊን የሚባለውን ሆርሞን እየለቀቀ ነው። በዚህ ዕድሜ ደግሞ እንቅልፍ ይጎድላል፣ ሴቶች ላይ የወር አበባ ሊቆም ሲቃረብ ሆርሞን ይዋዥቃል፣ ስለዚህ ቶሎ ቱግ ማለት ቢበዛ አይግረማችሁ።

መጀመሪያ ምልክታችሁን እወቁ። የአንዱ ትከሻ ይወጠራል፣ የሌላው ሆድ ይላወሳል፣ አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ ዝም ብሎ ይደርቃል (ይሄ ዝምታ እኛ ጋ ጨዋነት እየተባለ ስለሚታለፍ በደንብ አስተውሉት)። ምልክቱ ሲመጣ እስከ 4 እየቆጠራችሁ በአፍንጫ አየር ሳቡ፣ እስከ 6 እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አስወጡ። የምታስወጡት ትንፋሽ ሲረዝም ቬገስ የሚባለው ነርቭ የልብ ምትን ያቀዘቅዛል። ጥቂት ደቂቃ በቂ ነው።

ጠቡ ከጋለ ግን ትንፋሽ ብቻ ላይበቃ ይችላል። «አሁን ተናድጃለሁ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እናውራ» በሉና ወጣ ብላችሁ ተራመዱ፣ ከዚያ ባላችሁት ሰዓት ተመለሱ። ሳይናገሩ ጥሎ መውጣት ሌላውን ሰው የባሰ ያስደነግጠዋል። ደረት የሚያም ወይም ልብ ያለ ምክንያት በኃይል የሚመታ ከሆነ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጋ ሂዱ።